አንድ ለሁለት ሺህ

ሴንዳይ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
ቺዙሩ ብልቃጢቱን ከማቀዝቀዣው አውጥታ
በጣቶቿ መሐል ጠበቀቻት፣ በረዶው እስኪፈታ።
የቀረው አንድ ጠብታ ነው፤ የእንባ ሩብ አይሞላም።
ፋብሪካው «አለቀ» ብሏል፣ «ጥንቸሏም የለችም»።
አዲስ የላኩት ብልቃጥ ያላየውን አየሁ ይላል፣
ባገኘው ላይ ሁሉ ይጣበቃል፣
ጉቦ እንደ በላ ምስክር።

ቁጥር ሠላሳ አንድ ግን፣ ጆሮዋ የታጠፈ፣
ደሟ አንድ ስም ብቻ የጻፈ፣
ስብ የሚፈታውን ኢንዛይም ለይታ ታውቅ ነበር፣
በጉበት ጓዳ፣ በሕዋስ ማጀት ቅባት ሲመነዝር።
ለእሷ ስም ያወጣላት የለም።
የእሱን ግን አልሳተችም።

ወተት ፈሰሰ በስሱ ሸራ ላይ፣
ሐሰት መቀመጫ እንዲያጣ።
ከዚያ ጠብታዋ ባሕር ገባች፣ አንድ ለሁለት ሺህ።
የጥንቸሏ ደም ኢንዛይሙን ፍለጋ ወጣ፤
ጥንቸልን የሚያውቅ የፍየል ደም ዋስ ሆኖ ተከተለ፤
ከፍየሏ ኋላ ብርሃን።
የዋስ ዋስ፣ የምስክር ምስክር፤
ዐይን የማይደርስበት እንዲህ በውክልና ይታያል።

ጨለማ ክፍል። ፊልሙ በሳህኑ ፈሳሽ ውስጥ ነጭ ነው፣ ነጭ ነው፣
ከዚያ ጠቆረ፤ የጤነኞቹ ዓምድ፦
አንድ ሰረዝ። ሁለት። ሦስት።
አራተኛው የሕፃኑ ነው፤ የአምስት ወር ልጅ፣ ሆዱ የተነፋ፤
እናቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወንበር ላይ፣ ጫማዋን አውልቃ
ያልተኛ እንቅልፍ ተኝታለች።

አራተኛው ባዶ ነው።
አነሣችው። አዘነበለችው። ወደ መብራቱ አስጠጋችው።
ከታች የሌላው ፕሮቲን ሰረዝ በአራቱም እኩል ተሰልፏል፤
እጇ አልሳተም።
ባዶ ነው።
ምስክር ቀርቦ «የለም» ሲል፣ እሱም ቃል ነው።

ዶክተር ኩዋባራ ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ አነሣ።
«የለውም» አለችው።
ዝም አለ። ወረቀት ሲገለጥ ተሰማት።
«እንግዲያው ከውጭ እንሰጠዋለን። ጠዋት እንጀምር።»

ከእንስሳቱ ቤት ጀርባ አንድ ድንጋይ አለ፤
በየዓመቱ፣ በመጸው፣ ተመራማሪዎቹ ጥቁር ለብሰው
ለአይጥና ለጥንቸል ያጎነብሱበታል።
ቀኑ አልነበረም። ብቻዋን ቆመች።
ቁጥር ሠላሳ አንድ እዚህ አልሞተችም፤
የት እንደ ሞተች የፋብሪካው መዝገብ ይወቅ።
ቢሆንም ባዶዋን ብልቃጥ ከኪሷ ሳታወጣ፣
ከምሳዋ የተረፈች የካሮት ቁራጭ አኖረች፣
አጎነበሰች።

ቀና ስትል ቁራ ወስዶታል።
ሳቋ አመለጣት፣
የምትታጠብ ሳህን ነበረቻት።