የጨለማ ልክ

ዋሪ ከተማ ውስጥ፣ ወደቡ ሳይደረስ፣
ዝናብ ሲወርድ ቆርቆሮው በጩኸት ሲታመስ፣
ጄኔሬተር እሸጣለሁ፤ ያባቴ ነው ሱቁ፣
ትንንሾቹ ከፊት፣ ከኋላ ትልልቁ።

ሰው ሲገባ ጫማውን ማየት ነው ልማዴ፣
ማክሰኞ ጠዋት ገባ አቶ ኦኖሪዮዴ፤
ከነዳጅ ዴፖው ዘንድሮ በጡረታ የወጣ፣
ጫማው የተወለወለ፣ ወሬው ግን ቁጣ ቁጣ።
«አስር ኪሎዋት!» አለ። «ከጎረቤቴ የማያንስ፣
ሁለት ማቀዝቀዣ ጭኜበት የማያለቅስ።»
ቀዩን ዳበሰው፣ እንደ በሬ ሻኛ፣
በሱቄ ጥግ የተሰየመውን፣ የሁሉን ዳኛ።

ሻጭ ነኝና እኔም መሸጥ ያምረኛል፣
የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ልጄም ጫማ ይሻል፤
ብቻ ባለፈው ዓመት ለአንድ ቱጃር ጌታ
የሸጥኩት ትልቅ ሞተር ሥራ አጥቶ ተንገላታ፤
ሸክሙ ቀልሎበት፣ ሳይሞቅ እየሠራ፣
ጥላሸቱን ውጦ ሞተ፣ ጭሱ ብቻ ሲያወራ።
ትንሹን ደግሞ ግዙና ከአቅሙ በላይ ጫኑ፣
ይንተፋተፋል፣ ያቃስታል፣ ይቃጠላል ቴሌቪዥኑ።

«አባቴ፣ ቤትዎ ልምጣ፤ ቆጥረን እንነጋገር።»
ቅር አለው። «ምኑ ይቆጠራል? የጨለማ ነገር!»

ማታ ሄድኩ። ሚስቱ አክፔቭዌ ደብተር ይዛ ጠበቀችኝ፣
የልጇን የሂሳብ ደብተር፤ ወንበር ስባ ሰጠችኝ።
መብራት አልነበረም፤ ሻማ በሰርዲን ጣሳ ላይ፣
እሷ እየጠራች ትጽፋለች፣ እሱ ወደ መስኮት ሲያይ።

«አምፖል ስድስት።» — ስልሳ ዋት። «ፋን ሁለት።» — መቶ ሃምሳ።
«የዓሣዬ ፍሪዘር።» — ሁለት መቶ፤ ግን አንድ ነገር እንዳይረሳ፦
ሲነሳ አራት እጥፍ ባንድ ትንፋሽ ይጠጣል፣
ጥሙን ከቆረጠ ወዲያ ወደ ልኩ ይመጣል።
«የውሃ ፓምፕ?» — «ሰባት መቶ፣ ሲነሳ እሱም ሆዳም፤
ካውያ ሺህ ነው፤ ከፓምፑ ጋር አታጋጥሚው፣ አይስማማም።»

«ማቀዝቀዣዎቹስ?» አለ ባል፣ ዓይኑን ሳይነቅል ከመስኮት።
«አንተ» አለችው፣ «ያልጻፍነው አለ። ይብቃ ይሄ ኩራት።»

ዝም።

ከጓሮ ክፍል በኩል አንድ ድምፅ መጣ፣
የሚገባ ትንፋሽ፣ መልሶ የሚወጣ።
እናቱ ናቸው። ኦክስጅን ሠሪዋ ሣጥን
በመኪና ባትሪ ላይ ታንሾካሹካለች ሌቱን።
ስንት ትበላለች? ጀርባዋን አየሁት በሻማ፤
ሦስት መቶ ሃምሳ ዋት። የካውያው ሲሶ ገደማ።

ሰውዬው አስር ሲል፣ ጎረቤቴን ሲል፣ ቀዩን፣
ይቺን ኖሯል የሚሸሸው፤ ደብተር ላይ እንዳያይ ቁጥሯን።
«ባለፈው ሐምሌ» አለ፣ «ሃያ ሁለት ደቂቃ ሙሉ
በእጄ አራገብኩላት፤ ከንፈሯ ጠቆረ፤ ልጆቹ ያያሉ።
ስለዚህ ትልቁን አልኩህ።»

«ትልቁም ቢሆን» አልኩት፣ «እስኪነሳ ደቂቃ ይፈጃል፤
ያችን ክፍተት የሚደፍናት ባትሪ ነው፣ ሌላው ይቆያል።»

ደመርን። የሚነሳውን ጥም ጨመርን። አራት ኪሎዋት ሆነ።
ማቀዝቀዣዎቹ ቀሩ፤ ሰውዬው ትንሽ አዘነ።
አክፔቭዌ ግን ከአምፖሉ በላይ፣ ከገጹ አናት፣
ጠባብ ቦታ ፈልጋ ጻፈች፦ «ማማ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ ዋት።»

ሲከፍል ያንን ቀዩን ዳሰሰው በመዳፉ፣
«ይሄ ግን» አለ፣ «ድምፁ...» አልጨረሰም አፉ።

በቀደም መንገዳቸውን አለፍኩ፣ ሰፈሩ ጨልሞ።
የጎረቤቱ ያገሳል፤ የኔው ከጥግ ቆሞ
ያንጎራጉራል በልኩ። ድንገት ድምፁ ዝቅ አለ፣
ፍሪዘሩ ተነሳ። ቆሜ ቆጠርኩ፦ አንድ፣ ሁለት። ቀጠለ።