አተላው እንዳይነቃ

ከዚራ፣ ከዲፖው ጀርባ፣ ቤቷ ሐዲድ ያዋስናል፤
ባቡር ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ሳይቀር ይወዛወዛል።
ጠላ በሚገለበጥበት ሌሊት አክስቴ በለጥሻቸው
አትቸኩልም። ጠርሙሶቹ ታጥበው፣ ተደፍቶ አፋቸው፣
ቱቦው በጌሾ ውኃ ተቀቅሎ፣ ቆርኪው ተለቅሞ፣
እሷ ግን ከበርጩማዋ፣ ጆሮዋ ሐዲዱ ላይ ቆሞ።
«የዕቃው ባቡር ይለፍ» ትላለች። «እሱ ሳያልፍ የቀዳሽው
ጠላ አይደለም፣ ጭቃ ነው፤ ለጠላት ነው የምትሰጭው።»

ከጋኑ ሥር፣ ጨለማው ውስጥ፣ አተላው ተኝቷል፤
ብቅሉ፣ ደረቆቱ፣ የጌሾው ቅጠል፣ ተቃቅፎ ሰጥሟል።
ሳምንት ሙሉ ሲጮኽ፣ ሲፈላ፣ ሲሳደብ የከረመ፣
አሁን ገና ጎኑ አርፎ፣ አሁን ገና የተጋደመ።

መጣ። ከሺኒሌ በኩል፣ መጀመሪያ መስኮቱ ያውቃል፤
ቀጥሎ ማንኪያው፣ ቀጥሎ አልጋው፣ ቀጥሎ ጥርስ ይንቀጠቀጣል።
አለፈ። ጸጥ። ግን አትነሳም። ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ
ትቆያለች፣ ከጋኑ በታች ካለው አሸዋ ጋር ተማክራ።

ቱቦው የወርዶፋ ነው፤
የባሏ፣ ዕድሜውን ፉርጎ ሲያቆራኝ የኖረ ሰው፤
ለመጠጣት የቀለለ፣ ለመቅዳት እጁ የከበደ።
አንዴ በጣሳ ሊጠልቅ ገብቶ፣ ያ ሁሉ ድካም ተናደ፤
ጋኑ እስከ አንገቱ ደፈረሰ።
አልጮኸችም። ዘጋችው ሦስት ቀን፣
አተላው ዳግም እስኪወርድ። በአራተኛው ቀን
ይህን ጎማ ይዞላት መጣ፤
ከወዴት እንደሆነ አልተጠየቀም።

አንዱን ጫፍ ከሸምበቆ አስራ፣ ከአተላው ሦስት ጣት ከፍ አድርጋ
ታወርደዋለች፤ ትንፋሿን ይዛ፣ እንደ መርፌ ወጋ።
ሌላውን ጫፍ እኔ በአፌ አንድ ጊዜ እስበዋለሁ፤
ጌሾው ምላሴን ሲነክሰኝ፣ በአውራ ጣቴ እዘጋዋለሁ።
ከዚያ ወዲያ ሥራው የእኔም አይደል፣ የእሷም አይደል፤
ከከፍታው ወደ ዝቅታው፣ መንገዱን ያውቃል፣ ራሱ ይወርዳል።
ጠርሙሱን አዘነብላለሁ፣ በጎኑ እንዲንሸራተት፣
እንደ ሌባ፣ እንደ ጤዛ፣ ያለ አረፋ፣ ያለ ጩኸት።
አንዱ ሲሞላ ሌላው። ሻማውን ከጠርሙሱ ኋላ
ታስጠጋለች፤ ብርሃኑ ሳይሰናከል ሲያልፍ፣ «ይኸው ጠላ!»

ፋዱማ ጎረቤታችን በሕይወቷ ቀምሳው አታውቅም፤
የግቢዋ ኒም ግን ሰፊ ነው፣ የድሬ ቀትር አይዘልቀውም።
አጥር ተሻግሮ ከእኛ ይወርዳል። «የዛፉ ነው፣ የእኔ አይደለም» እያለች፣
ሳትጠይቅ፣ ሳትጠየቅ፣ ለጠላ ጥላ ታበድራለች።
አንድ ዓመት፣ እኔ ስኳር ያበዛሁበት ጠርሙስ ፈንድቶ፣
ከዶሮዎቿ ሳምንት ሙሉ እንቁላል አስቀርቶ፣
እንኳን ያኔ ቅርንጫፏን አልቆረጠችም።

ጋኑ ሊያልቅ ሲል፣ አራት ጣት ያህል ሲቀረው፣
«አንድ ጠርሙስ አይወጣውም?» እላለሁ፣ ቱቦውን ዝቅ ላደርገው።
እጄን ትይዘዋለች። «ተይው። እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው።
ባቡር ያነቃው ይተኛል፤ ስስት ያነቃው አይተኛም።»
ቱቦውን ትቆነጥጣለች። የቀረው ለገንደ ቆሬዋ ላም።

ባቡሩ ከቆመ በኋላ፣ ሐዲዱ ላይ ፍየል ሲያድር፣
ወርዶፋ ስለሌለ ባቡር ጡረታውን ሲቆጥር፣
አንድ ሌሊት፣ ሁሉ ተሰናድቶ፣ ጠርሙሱ ቆሞ በተራ፣
አየኋት፣ በርጩማዋ ላይ፣ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ።
«አክስቴ፣ ባቡር እኮ የለም።»
«አውቃለሁ» አለች። «ምድሩ ግን ገና አልሰማም።»

ተቀመጥን። የዕቃው ሰዓት ደረሰ።
መስኮቱ ዝም። ማንኪያው ዝም።
ከውጭ አንድ ፍየል አስነጠሰ።
እሷ ግን ያን ባዶ ነገር
እስከ መጨረሻው ፉርጎ አሳለፈች፤
ከዚያ ጎማውን ሰጠችኝ።
«ሳቢ» አለች።