መንገዱ ለአንድ ሰዓት ይዘጋል

ዘጉት በጥቅምት ወር ማዋለጃችንን፤
«ለማስታወሻ» ብለው ሰጡኝ ሚዛኑን።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጨቅላ የጮኸበት፣
እቤቴ ወስጄ ድንች መዘንኩበት።

በዚያው ሳምንት ፈርሞ የፊንላንድ መንግሥታችን
ጄት ገዛ፣ ራዳር የማያየው፣ ለሰማያችን።
አንዱ ስንት ነው ቢሉ ጋዜጣው ላይ ሰፍሯል፤
ዜሮው ከመብዛቱ መስመር ተሻግሯል።
ያም የመግዣው ነው፤ መቀለቡ ሌላ፤
አንድ ሰዓት ቢበር የነርስ ዓመት በላ።
ቆሞም ይቀለባል እንደ ጌታ ፈረስ፣
ገብሱ መለዋወጫ፣ ከባሕር ማዶ እስኪደርስ።

እኔም በደረሰኝ ጀርባ አሰላሁኝ፤
በአንድ ጎማ ብቻ ስንት አልጋ አገኘሁኝ!
ለአባቴ ለኦይቫ አሳየሁት ቁጥሩን።
ዘጠና ዓመቱ ነው። ገፋ መነጽሩን።
«ሰባት ዓመቴ ነበር፣ በዚያ በጦርነት።
እናቴ ነጭ አንሶላ አለበሰችን፣ በረዶ ላይ ለመተኛት።
በሆዳችን ሆነን፣ ትንፋሽ ውጠን፣ ቆጠርን፤
ዘጠኝ ነበሩ። የእኛ አንድም አልነበረን።
ባለቤት የሌለው ሰማይ ሥር መተኛት
ስንት ያወጣል ልጄ? እስቲ ጨምሪበት።»

መልስ አልነበረኝም። ድንቹን ላጥኩለት።

የካቲት፣ ሳይነጋ፣ ቱሊኪ ደወለች፣
የጎረቤቴ ልጅ። «ጀመረኝ» አለች።
ባሏ ጫካ ነው፣ ግንድ ሲጭን ያድራል፤
ስልኩ ከጥድ ኋላ መች ይሠራል?
መኪናዬ ውስጥ፣ ከኋላ፣ ፎጣ አነጠፍኩላት፤
መቀስና ክሩን አፍልቼ ያዝኩላት።
መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነው ሐኪም ቤቱ፤
በረዶ ነው ግራው፣ በረዶ ነው ፊቱ።
ርቀቱን የምለካው በምጧ ነበረ፤
በየስምንት ደቂቃ፤ ከዚያ ወደ አራት አጠረ።

ግማሽ ላይ ስንደርስ፣ አስፋልቱ ሲሰፋ፣
ጥዱ ግራና ቀኝ ሸሽቶ ሲገፋ፣
አንድ ለጋ ወታደር ባንዲራ ዘረጋ።
«ጄት ሊያርፍ ነው፣ እናቴ። ለአንድ ሰዓት ተዘጋ።»
«መንገድ ላይ?»
«ልምምድ ነው። ሜዳው ቢመታ በጠላት፣
አስፋልት ላይ ማረፍ መቻል አለበት።»
«እሷስ የት ትረፍ?» አልኩት።
«ጥቂት ትታገሥ።» ምጥን ለአዋላጅ
ሊያስተምር ቃጣው፣ ጢም ያላወጣ ልጅ።
ከዚያ የኋላውን ወንበር አየ፤ ፊቱ ነጣ።
ካፖርቱን አውልቆ፣ ሙቅ ውሃ በቴርሞስ አመጣ።
(ያልማሪ ይላል ደረቱ ላይ። ደግ ልጅ ነው።)

መጣ። አላየሁትም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ
ተንበርክኬ ነበር፣ እጄን ዘርግቼ።
መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከጥዱ ላይ በረዶ ረገፈ፤
ቱሊኪ ስትጮኽ አፏን አየሁ እንጂ፣ ድምፅዋን ድምፁ ዘረፈ።
ያ ሁሉ ገንዘብ ከኋላዬ ሲያርፍ
እኔ በመዳፌ ጭንቅላት ስደግፍ!

ሲበርድ ጩኸቱ ሌላ ጩኸት ቀረ፤
ቀጭን፣ የተቆጣ፣ በጨረታው ያልነበረ።

አብራሪዋ ወርዳ፣ የራስ ቁሯን ይዛ፣
(ቁሩ ለብቻው አንድ ቤት የሚገዛ)
መስኮቱን አንኳኩታ አየቻት ልጅቷን፤
«ስንት ኪሎ ናት?» ብላ ጠየቀች ክብደቷን።
ጣቷ ይንቀጠቀጣል፣ ከብርዱም ይሁን ከበረራው፤
እኔም እጄን አየሁ፤ ያው ነው፣ የእሷው ጣጣ ነው።
ሚዛኑ እቤት ነው፣ ድንች ተጭኖበት።
«ሦስት ይሆናል» አልኳት፤ «ጥቂት ጨምሪበት።»

ማታ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት።
«ጄቱ የማን ነበር?»
«የእኛ ነው» አልኩት።
«እንኳን የእኛ ሆነ።» ቆየ ዝም ብሎ።
መነጽሩን አጠፈ፣ መብራቱን ቀንሶ፣ ትራሱን ደልድሎ፣
ያለቀ መስሎኝ በሩን ስስብበት
«ማዋለጃውስ?» አለ።
«የእኛ ነበር» አልኩት።