ማግኔት

ጎተራው ሲከፈት ርግቦቹ ተነሡ፣
ከሥር የቆመው ፕሊመዝ አቧራ ነው ልብሱ።
ኤመሪ ምንም አላለ፤ በጀርባው ተኛና
ባትሪ አበራበት። ሻንሲውስ ደኅና።
ባሌስትራው ዝጓል፤ ጎማው መሬት ላይ ደርቋል።
መቀመጫው ሥር አይጥ ወልዳ ከብዳለች፣
የኔብራስካን ካርታ ለፍራሽ ቀዳድዳለች።

ማግኔት አወጣ፣ በካልሲ የጠቀለለው፣
ቀለሙን እንዳይጭር፤ እንደ ሐኪም አስኬደው።
ኮፈኑ ላይ ያዘ። ጣራው ላይም ያዘ።
የኋላው ግራ በር ላይ ግን
ተንሸራቶ ወደቀ።
«ስቱኮ!» በልቡ ስድስት መቶ ዶላር ነጠቀ።

«እኔ ነኝ» አለች ቪልማ፣ ምሰሶ ተደግፋ፣
«መንዳት ስማር፣ ከአጥሩ ግንድ ጋራ ተላፋ።
ሚሎ ሌሊቱን ሙሉ ለሰነ፣ ሞረደ፣ ቀባ፣
ጎረቤት ሳይነቃ፣ ወሬው ከተማ ሳይገባ።
ለጠየቀው ሁሉ ‹ከፋብሪካው ነው› እያለ
ሠላሳ ዓመት ዋሸልኝ፣ እየማለ።
ዋጋውን ቀንስ፣ እንዳሻህ፤
እሱን ግን አትፋቀው፣ አደራህ።»

ኤመሪ መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈ፣
ጠርዙን ፈለገ፣ አጣ።
ከዚያ ገንዘቡን አወጣ፣
ምራቁን ጣቱ ላይ እንትፍ አለበት፤
ቆጠረ።
ሦስት ጊዜ ቁጥሩ ጠፋበት።