ቀዩ ቀለበት

ዴሄን ብረት ተከለ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
ከቦዩ ባሻገር፣ ከአባቱ የጎማ ዛፎች ጋራ፤
መታው በመዶሻ፣ ጫፉ ከሥር ካለው ሸክላ እስኪደርስ፣
ከላይ አንድ ስንዝር ብቻ እስኪቀር ድረስ።
ልጁ ላሚያንግ ተከተለችው በጥፍር ቀለሟ፤
ብረትና መሬት በሚሳሳሙበት
ቀይ ቀለበት ሳለች፣ ምላሷን አውጥታ፣ በሆዷ ተጋድማ።
«ይኸው» አለችው፣ «መሬት እዚህ ናት፤
ብትሄድ እናውቃለን፣ ምልክት አላት።»

መሬት ትባል እንጂ መሬትስ አይደለች፤
ቅጠል ናት፣ ሥር ናት፣ የወደቀ ግንድ ናት፣
ውሃ አቅፏት ኖሮ መበስበስ የረሳች።
ጋምቡት ይሏታል የካሃያን ዳር ሰዎች።
ሺህ ዓመት ስትቆለል፣ ሺህ ዓመት ስትተኛ፣
ማንም ያልቀሰቀሳት፣ ጨለማ ዝምተኛ።

ኋላ ቦይ መጣ።
ውሃው እንደተሸጠ ከብት ተነድቶ ወደ ወንዙ ወጣ።
ረግረግ ተጠማ፤ (ረግረግ ሲጠማ ማን ስም አወጣለት?)
ሩዝ ይበቅላል ተባለ። አልበቀለም።
ቦዩ ግን ቀረ፣ የሚደፍነው ሰው አልተገኘለት።

መስከረም ጠባ።
በዚያ አገር መስከረም አበባ አያፈካም፣ ጭስ ነው የሚፈካ።
እሳቱም ነበልባል የለው፣ ሰማይ አይነካ፤
እንደ ሐሜት ነው፣ ከሥር ከሥር ይሄዳል፣
እዚህ አዳፈንኩት ስትል ጎረቤት ጓሮ ይወልዳል።
ፀሐይ ዋለች እንደ ታመመ ዓይን ቀልታ፣
ትምህርት ቤት ተዘጋ፤
እናት በበሩ ሥር ጠቀጠቀች የራሰ ፎጣ።
ጭስ ቁልፍ አያሻው።
ላሚያንግ ገና ልጅ ሳለች ሳለች፤
ስትስል አመሸች፣
ስትስል አነጋች።

«እሳት አመድ ወለደ» የሚል ተራች ካለ
እዚህ መጥቶ ይይ።
አመዱማ ምን አለ፣ ዝናብ ያጥበዋል፣
የበኩር ልጁ ሌላ ነው፣ የማይታይ፣
መልክ የለው፣ ሽታ የለው፣ ከአባቱ ዕድሜ ይረዝማል፣
ባሕር ይሻገራል፣ ተራራ ይዘልላል፣
ምድር ሳትበርዳት፣ ደርብልኝ ሳትለው፣
በጋቢ ላይ ጋቢ ይደርብባታል፣
ያውም በላብ ተጠምቃ።

ኅዳር ላይ ዘነበ። ከዋናው ከተማም ቅጽ መጣ ለዴሄን፤
ስፋት በሄክታር፣ ጥልቀት በሴንቲሜትር፣
ወደ አየር የወጣው ደግሞ በቶን።
ቦት ጫማውን አጥልቆ ከሳሉንዲክ ጋር ሄደ፣
እግሩ በየእርምጃው ጥቁር ሊጥ እያቦካ፤
የጎማ ዛፎቹ ሥራቸው ተራቁቶ በጣታቸው ጫፍ ቆመዋል፣
የሆነ ነገር ከአጥር ማዶ ለማየት እንደሚንጠራራ ልጅ።
ብረቱ አለ። ጭኑ ጋ ይደርሳል።
ቀይ ቀለበቱም አለ፣ ከጉልበቱ ሥር፣
ባዶ አየር አቅፎ።
ሳሉንዲክ ሣቀ፦ «ብረትህ አደገ!»
ዴሄን አልሣቀም።
«ብረቱስ እዛው ነው። መሬት ናት የሄደች።»

ሜትሩን ዘረጋ። አርባ አንድ።
ሌላ ጊዜ ለካ። አርባ አንድ።
የስንት ትውልድ ቅጠል እንደሆነ አልተጠየቀም፣ አልጻፈም።
እርሳሱን በምራቁ አርሶ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየ፤
ለአመዱ ዓምድ አለው።
ለሳሉ የለም።
አርባ አንድን ጻፈና ፈረመ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ይሂድ፣ ይደመር፤
እሱ የሚያውቀው ግን ያ ሁሉ ቶን መጀመሪያ ያረፈው
በአንዲት የስምንት ዓመት ደረት ላይ እንደነበር።

በሳምንቱ ላሚያንግ አብሬህ ካልሄድኩ አለች።
ቀለሟ ጠርሙሱ ውስጥ ደርቆ ነበር፤
ጥቂት አሴቶን ጠብ አድርጋ፣ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው።
መንገዱን ሙሉ አላወራችም፣
ቦዩ ላይ የተጋደመውን ግንድ ስትሻገር ብቻ እጁን ያዘች።
«የድሮውን ልፋቀው?» አላት፣ ቢላውን መዝዞ።
«ተወው» አለችው፤ «ቁመቷን እንዳትረሳ።»
እሱም ብረቱን እንዳይነቃነቅ ግራና ቀኝ ያዘላት፤

ጎንበስ ብላ
ሳለች።