የጨው ሸክም

ከአራት ወር ጨለማ ፀሐይ ተመልሳ
ቃናቅን አየችና ሄደች አድማስ ልሳ።
ውሾች ተጠቅልለው፣ ጅራት በአፍንጫ፣
ባዶ የዓሣ ሣጥን የኔ መቀመጫ፤
አባቴ ማሳውና በሹል ብረት ወግቶ
የባሕሩን በረዶ በሳው፣ ግማሽ ቀን ተግቶ፤
ገመዱን ለቀቀ፣ አምስት መቶ ሜትር፣
ጫፉ ላይ ድንጋይና የመንጠቆ ድርድር።
በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ቃል አልወጣው፤
ሳል እንኳ ሲመጣ መልሶ ነው የሚውጠው።

ያኔ አብራን ነበረች ቪጋ፣ ባሕር መርማሪ፣
ከገመዳችን ጋር አስራ ሙቀት ቆጣሪ።
ጠፍጣፋው ዓሣ ወጣ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣
ሁለት ዓይኑን ባንድ ጎን አምላክ ያኖረለት፤
ከዓሣው ኋላ ቁጥሯ። «ላዩ ከዜሮ በታች፤
ታቹ ሁለት ዲግሪ፣ ከዜሮ በላይ» አለች።
«ሁለት!» አለ አባቴ፣ ነገሩ ቀልድ ሆኖበት፤
ሠላሳ ቅዝቃዜ ጢሙን ጋግሮበት።

ቪጋ ግን ተንበርክካ በጣቷ ሣለችው
በረዶው ገላ ላይ፣ እንዲህም አስረዳችው፦
«ከደቡብ ይነሣል ሞቃቱ ጅረት፤
ፀሐይ ውሃ ውሃውን ጠጥታ፣ ጨውን ትታበት።
ይከብዳል። ብርዱ ግን ከበረዶ ቀልጦ
ጨው የለው፤ ቀላል ነው፤ ላይ ይዋኛል አጊጦ።
ስለዚህ ሙቁ ነው ከሥር የሚሄደው፣
ቀዝቃዛው እላዩ ክዳን ሆኖ ሲጋርደው።
ሁለት ላንተ ትንሽ ናት፤ ለበረዶ ግን እሳት፤
ሐሜት ናት፤ ከሥር ትበላለች፣ ላዩ ሳያውቃት።»

ጓንቴን አወለቅሁና ገመዱን ጨበጥሁት፤
ከነፋሱ ይልቅ ለብ ብሎ አገኘሁት።
ሙቅ ሆኖ የሚከብድ። ሙቅ ሆኖ የማይወጣ።
ይህን ለማወቅማ ቆጣሪ ለምን መጣ?
ቤታችን ነበረ።

እናቴ በሞተች በሦስተኛው ማታ
ጫማዬን ሲሰፋ ነጋ፣ በዝምታ፤
«አይዞሽ» አላለኝም። ጠዋት እግሬን ሳገባ
ውስጡ የጥንቸል ፀጉር፣ ለስላሳ እንደ አበባ፣
ጣቶቼን አቀፈ።
ሆድ ይፍጀው ይባላል። የአባቴን ሆድ ፈጀው?
ወይስ ሆዱ ፈጅቶት? ማን ጠይቆ ይወቀው።

ስንመለስ፣ ከሰርጡ አፍ፣ ድንጋዩ ከሥር
እንደ ደፍ ተነሥቶ ጅረቱን ሲገትር፣
ሙቁ ውሃ እዚያ ላይ ሽቅብ ይሰበራል።
ከላይ ግን ነጭ ነው፤ ነጭ ምን ይናገራል?
መሪዋ ውሻ ቆመች፣ ጆሮዋን ቀስራ፤
እኔ ግን ጅራፌን አነሣሁ፣ ልመራ።

«ቱኩሜቅ!»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከታች የነበረ
ድምፅ ወጣ፤ ሰማዩን ከዳር ዳር ሰበረ።
ስሜን በአባቴ አፍ እንዲህ ሰምቼው አላውቅ፤
ጨው ነበረበት፣ እሳት፣ አንድ ነገር ሲለቅ።
ክንዴን መንጭቆ ወደ ኋላ ጣለኝ፤
አጥንቴ የተሰበረ ሁሉ መሰለኝ፤
ወዲያው ፊታችን ላይ ተከፈተ፣ ጥቁር፣
እንፋሎት ሲተነፍስ፣ እንደ ሰው ሲያንጎራጉር።

ግማሽ ዓሣ ገባ። የቪጋ ሣጥን ገባ፣
የስድስት ሳምንት ቁጥር፣ ሳይቆጠር ሌላ ኪሳራ።
ውሾቹ ተረፉ። አባቴ ትንፋሹ
እስኪመለስ ድረስ ተቀመጠ፣ እጁ ከራሱ።
ከዚያ እንደገና ዝም። በረዶውም መልሶ
ጠዋት ሲያዩት ነጭ ነው፣ አዲስ ልብስ ለብሶ።

ማታ ቪጋ መጣች፣ ካርታዋን ዘርግታ፤
«የት ጋ ነበር?» አለች እርሳሷን አውጥታ።
ተመለከተው። ቆየ። እኔን አየ፣ ካርታውን።
ከደፉ ላይ አኖረ ወፍራም አውራ ጣቱን፦
«እዚህ ላይ ነው» አለ፣ «እዚህ ላይ ነው የወጣ።»
ከዚያ ለውሾቹ ዓሣ ሊቆርጥ ወጣ።