እዚሁ ነበርኩ

ሂርማታ ገበያ፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣
ዝናብ ያጠበው ቀን፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣
ሦስት ሰው ጭኛለሁ፣ ግማሽ ኩንታል በቆሎ፣
አንዷ ከኋላዬ ትላለች «ቶሎ! ቶሎ!»

ወደ ግራ ስዞር ጓ አለ አንድ ነገር፣
አቮካዶ ዘነበ፣ ተለሰነ ምድር።
ፍሬን ረገጥኩና ወረድኩ እየጮህኩኝ፣
«ከየት መጣህ አንተ? ልታሳስረኝ ነው?» አልኩኝ።

ልጁ አላለቀሰም፤ ቅርጫቱን አቀና፣
አንዱን ፍሬ ጠረገ በሸሚዙ ጫፍና፣
«ከየትም አልመጣሁ» አለኝ፣
«እዚሁ ነበርኩ።»

ሰው ተሰበሰበ፤ ጣቱን ቀሰረብኝ፤
«ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ ልጁን ካየሁት!» አልኩኝ።
እንዲህ ያለ መሐላ አፍ ላይ ቀላል ነው፤
ለካ የኔው ደርሷል፣ ገና ከመማሌ በፊት ነው።

የፍሬውን ከፈልኩ። ግን አልተቀበልኩ፤
እስከ አዌቱ ድልድይ ነዳሁ፣ ልጁን እየረገምኩ።
እኔ እኮ ነዚፍ ነኝ! ከአጂፕ መንደራ፣
ከሩቅ ታርጋ አንብቤ ባለቤቱን በስሙ የምጠራ!
መንጃ ፈቃድ ሳድስ፣ ባለፈው ዓመት በጋ፣
ያቺን የዓይን ሠንጠረዥ፣ እግሯ የተዘረጋ፣
ላይ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ፣ እስከ ታች ጫፍ ድረስ፣
በአንድ ትንፋሽ ወረድኩ፣ አንድ እግር ሳልቀንስ።

ማታ እራት ላይ ነው። እህቴ ሲቲና
ጉርሻዋን አቆመች፣ «አባባም» አለችና።

አባባ። «ኮርቷል» ይሉት ነበር ጎረቤቶች ሁሉ፣
ከጎኑ ቆመው «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ
ዝም ብሎ ሲያልፍ። ኩራት አልነበረም፤
ጎን የሚባል ነገር ለሱ ዓለም የለም።
በኋላ ፊትም ጠፋ። «ዕድሜ ነው» ተባለ፤
ግድግዳ እየዳበሰ ስንቱን ዓመት ዋለ!

ሰኞ ሄድኩ ሆስፒታል። ረጅም ወረፋ፤
አንዱ ከዴዶ መጥቷል፣ አንዲት ሴት ከከፋ።
ሠንጠረዡን እንደ ልማዴ ወረድኩትና ሳቅሁኝ፣
«ዓይኔ ደህና ነው እኮ፣ ልሂድ ወደ ሥራዬ» አልኩኝ።
ሐኪሟ ለሊስቱ፣ ሳትስቅ፣ ሳትቆጣ፣
«ይሄ በሩን ያያል፤ ሌባ በበር መቼ መጣ?»
አለችና አንድ ጠብታ ዓይኔ ላይ ጣል አርጋ፣
ግፊቱን ለካችው፣ ሰማያዊ መብራት ብሌኔን ሲወጋ።

ከዚያ ነጭ ጎድጓዳ፤ አገጬን አስደግፌ፣
አንድ ዓይኔ ተሸፍኖ፣ ቁልፍ ይዤ አርፌ።
ብልጭ ሲል ተጫንኩ። ብልጭ ሲል ተጫንኩ።
ከዚያ ዝም አለ። ጠበቅኩ። ጠበቅኩ።
«ማሽኑ ተበላሸ?» ስላት «የለም» አለች፣
«መብራቷ፣ ነዚፍ፣
እዚሁ ነበረች።»

ወረቀቱ ወጣ። ዳር ዳሩ ጠቁሯል፣
አይጥ የበላው ደብተር፤ መሐሉ ተርፏል።
ቅላት የለ፣ እንባ የለ፣ ሕመም የለ፣ ምንም፤
እንደ ውሃ እያሳሳቀ፣ ሲወስድ አይነግርም።
«የሄደው ሄዷል» አለች፤ «የቀረህን ጠብቅ፤
ጠብታህ ማታ ማታ፤ ቀጠሮም እንዳትለቅ።
ወንድም አለህ?» «አለኝ።» «እንግዲያው አምጣው ነገ፤
ይሄ ሌባ ቤት ያውቃል፣ ዘር እየፈለገ።»

ሙዘሚል፣ ታናሼ፣ «ሁሉ ይታየኛል» ይላል።
እኔም ይታየኝ ነበር፤ እንግዲህ ምን ይባላል?
ጎትቼ ወሰድኩት፣ የቀን ገቢ አስከስሬ፤
ደህና ነው፣ ለዘንድሮ፤ ለከርሞ ይዣለሁ ቀኑን ቆጥሬ።

መሪው የሱ ሆኗል። እኔ ከኋላ ነኝ፤
ሒሳብ እቀበላለሁ፣ ጨዋታም አለኝ።
ሐሙስ ሐሙስ ስናልፍ፣ ከዚያው ጥጉ ጋ፣
አንገቴን አዞራለሁ መላ፣ እንደ በር ሲዘጋ፤
«አየሁህ!» እለዋለሁ።
«ዛሬስ ከየት መጣህ?» አለኝ ልጁ እየሳቀ፤
አንድ አቮካዶ ወረወረልኝ፣ በግራዬ በኩል።
አልያዝኩትም።
ወደቀ።